እናቴ ያነበበችው አረንጓዴ ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ባንክ ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ከገንዘብ ተቀባዮቹ ራስ በላይ የተሰቀለው ስክሪን እንደ ወትሮው «እንኳን ደህና መጡ» ማለቱን ተወና ፊደሉ ሁሉ ባዶ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደረደረ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ጓደኛዋን «እስቲ አንብቢው!» አለቻትና ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን ፊቴ እሳት ሆነ። ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ ወለሉን ማየት ያዝኩ። ይህችን አሮጊት ምን ያሳፍራታል ትል ይሆናል። ያሳፍረኛል! ስክሪን ላይ የተበላሸ አማርኛ ባየሁ ቁጥር የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ የአዳራሽ ሙሉ ሰው ሳቅ።

ነገሩ ሰባዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ባጃጅ የሚባል አልነበረም፤ ከሐይቁ እስከ ገበያ የሚያመላልሰን የፈረስ ጋሪ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥሬ ነበር። እዚያ ቤት አንድ ቀን ኮምፒዩተር መጣ። ከኮምፒዩተሩ ጋር ኢንጂነሩ መጣ።

ኢንጂነሩ የሰሜን ሰው ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ እንኳ መሬቱን ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነበር። አገሩ እንደገባ ይዘው አስረውት ነበር። ለምን እንደታሰረ ጠይቄው አላውቅም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። የማውቀው፣ በር ድንገት ሲንኳኳ የያዘውን ሻይ ይደፋ እንደነበር ነው።

ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ከሱ ጋር በሽቦ የሚገናኝ ተርሚናል የሚሉት ዕቃ አለ፤ ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ፣ የራሱ ጭንቅላት የሌለው። በሽቦው ቁጥር ይመጣለታል፣ ሆዱ ውስጥ ካለችው ቺፕ ላይ የዚያን ቁጥር ፊደል ፈልጎ በአረንጓዴ ብርሃን ያሳያል፣ በቃ ሥራው ይኸው ነው። «ለሱ ሀ ማለት ሀ አይደለችም፣ ቁጥር ናት» ይለኝ ነበር ኢንጂነሩ። «የሚያሳየው እኛ ቺፗ ላይ ያስቀመጥንለትን ሥዕል ነው። የእንግሊዝኛውን አውጥተን የአማርኛውን ብናስገባለት አማርኛ ያወራል።»

ሥዕሉን የምሥለው እኔ ሆንኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ብለው ነው። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል ትንሽ ቦታ እከልልና ካሬዎቹን በእርሳስ እያጠቆርኩ ፊደሉን አወጣዋለሁ። ሀ ምንም አላስቸገረችኝም። ጨ ግን ጉድ አፈላች! ባርኔጣዋን ስሠራ እግሯ ይጎድላል፣ እግሯን ስሠራ ባርኔጣዋ ይጠፋል። ቦታው ደግሞ ለሁሉም ፊደል አልበቃ አለ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን አስቀረናቸው፤ የሐይቅን ሐ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ በገዛ እጄ ሰረዝኳት። የተረፉትን ኢንጂነሩ እንደ ሱቅ ዕቃ በሁለት መደርደሪያ ከፈላቸው። ከሀ እስከ አ ያሉት ላይኛው መደርደሪያ፣ ከከ እስከ ፐ ያሉት ታችኛው። በሽቦው የሚሄደው ቁጥር ሁሉ ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚነሳ የምትናገር ትንሽ ምልክት ይዞ ይሄዳል። ያች ምልክት መንገድ ላይ ከቀረች ተርሚናሉ ሁሉንም ከላይኛው ያነሳል። ይህን ልብ በልልኝ፣ ያዋረደን ይኸው ነውና።

የመጀመሪያዋ ሀ የበራች ዕለት ክፍሉ የጋለ አቧራና ሽቦ የተበየደበት የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸት ነበር። መስኮቱን ዘግተን፣ መብራቱን አጥፍተን ጠበቅን። ብቅ አለች፤ አረንጓዴ፣ ትንሽ፣ እኔ እንደሣልኳት። እልል አልኩ። ኢንጂነሩም እንደ ልጅ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የምንጽፈው ሀ ሁ ሂ ሃ ሆነ። ፊደል የቆጠረ ሰው ሌላ ምን ይጽፋል? «ሀ ከወጣች ሁሉም ይወጣል» እንባባል ነበር።

እናቴ ገበያ ቆጮ ትሸጥ ነበር። ቤታችን የምንነጋገረው በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛዋ እዚያው ገበያ ላይ የለቀመችው ነው። ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርጋለች፣ እኔም ሰው ፊት ባወራች ቁጥር እሸማቀቅ ነበር። ዕድሜ ልኳን ጣቷን ቀለም እየነከረች ስትፈርም ኖራ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ገባች። ፊደል ስትይዝ እናቴ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የክብሪት ቀፎ፣ የአውቶቡስ ጎን፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ፒያሳ አብረን የወጣን ቀን መከራዬን አያለሁ። አንድ ማስታወቂያ ፊት መሐል መንገድ ላይ ቆማ ጮክ ብላ «ጸ... ጉ... ር...» ትጀምራለች። ጋሪ ነጂው «እማማ፣ መንገድ እንጂ!» እያለ ይጮሃል። «አ... ስ... ተ... ካ... ካ... ይ» ብላ ሳትጨርስ ንቅንቅ የለም! እኔ የማላውቃት መስዬ ፈንጠር ብዬ እቆማለሁ።

የመሠረተ ትምህርቱ መምህር ገና ወጣት ልጅ ነበር፣ ግን ኃይለኛ። ብዙዎቹ ተማሪዎች የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ይዘው አነበብን ስለሚሉት አንድ ሕግ አወጣ። «ያያችሁትን እንጂ የምታውቁትን አታንብቡ» ይላቸዋል። እናቴ ይህን እንደ መሐላ ያዘችው። የዙሩ አንደኛ እሷ ሆነች። የገበያው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ያስፈልገው ነበርና ሴቶቹ «የትምህርቱን ምስክር ወረቀት ተቀበይ እንጂ ጸሐፊያችን አንቺ ነሽ» ብለዋት ነበር። እናቴ ጸሐፊ! ይህን ስታስበው ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር፣ አይቻታለሁ።

የዙሩ ምረቃ ሲቀርብ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ካድሬያችን አንድ ሐሳብ መጣለት። አዲሱ ማሽን አማርኛ ይጻፍ፣ አዲሷ አንባቢ ቆማ ታንብበው። ኮምፒዩተሩ አዳራሹ በር ጋ ይቀመጣል፣ እዚያ እኔ እጽፋለሁ፤ ተርሚናሉ መድረኩ ላይ ይሆናል፣ እዚያ እናቴ ታነባለች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ።

ኢንጂነሩ ግን ፈራ። እሑድ እሑድ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። እናቴ ቆጮውን በቅቤ አሽታ ቡርሳሜ ታቀርብለታለች። የምረቃው ሰሞን መጥቶ እጁን ወደ ሳህኑ እንኳ ሳይሰድ ቀረ።

«ሌላው ሰው ጋ ማሽን ሲበላሽ ተበላሸ ነው የሚባለው» አለኝ። «እኔ ጋ ከተበላሸ አሻጥር ነው። ሁለተኛ ከገባሁ አልወጣም።»

እናቴ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ «ብላ ልጄ፣ ማሽኑ ደህና ነው» አለችው። ማሽኑን አይታው አታውቅም።

የምረቃው ቀን ጠዋት ሽቦውን ከበሩ እስከ መድረኩ ዘረጋነው። ቢሮ ውስጥ ስንሠራበት የነበረው ሽቦ አጭር ነበር፤ ይኼ ረጅም ነው። ፊደሎቹ መዝለል፣ መደጋገም ጀመሩ። ኢንጂነሩ ተርሚናሉን አዙሮ ከጀርባው ያሉትን ጥቃቅን ማብሪያዎች በእርሳስ ጫፍ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አደረገ። «ጻፊ» አለኝ። ሀ ሁ ሂ ሃ ጻፍኩ። ጥርት ብሎ ወጣ። ላቡን ጠርጎ ሳቀ። ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ልንሞክር ስንል የእንግዶቹ መኪና ግቢ ገባ፣ ካድሬው «ቦታ ቦታችሁ!» ብሎ ጮኸ፣ ሙከራው እዚያው ቀረ።

የሚጻፈውን ዓረፍተ ነገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ትምህርት የብርሃን መንገድ ነው» ይላል። በየቀበሌው ተለጥፏል። አዳራሹም ውስጥ ከእኔ ራስ በላይ፣ ከመድረኩ ትይዩ፣ በቀይ ጨርቅ ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መድረኩ ላይ ቆመች። ተርሚናሉ ፊቱን ለእሷ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቷል። ካድሬው ምልክት ሰጠኝ። ጻፍኩ። የጻፍኩትን፣ እንደ ተርሚናሉ ፊደላችን በገባለት በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ደጋግሜ አየሁት፤ አንድም ስህተት የለውም። ላክሁት።

«ት... ም... ህ... ር... ት» አለች እናቴ። «ትምህርት!» ጭብጨባ ሆነ።

«ረ... ብ... ር... ሃ... ን።» ቆም አለች። «ረብርሃን።»

የሐይቁ ነፋስ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲያንኳኳ ይሰማል።

«መ... ን... ቀ... ስ። መንቀስ።»

ከኋላ አንዱ ቀልደኛ «ድድዎን ነው እማማ?» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ፈነዳ። እሷ ጣቷን በስክሪኑ ላይ እየጎተተች «ነ... ል» ብላ ጨረሰች።

ምን ልበልህ! ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አማርኛዋን አስቤ አፈርኩ፤ ቀሚሷን፣ እግሯን፣ ገበያዋን ሁሉ አስቤ አፈርኩ። አንገቴን ኪቦርዱ ላይ ደፋሁ። ካድሬው ክፉ ሰው አልነበረም፣ «አይዞዎት እናቴ፣ እንደገና ይሞክሩ» አላት። እንደገና አነበበች። ያንኑ፣ ከፊተኛው ጮክ አድርጋ። ቀና ብትል እኮ ጨርቁ ፊት ለፊቷ ነው! በቃሏም ታውቀዋለች! ያየችውን ብቻ አነበበች። ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ባሰ።

ካድሬው ነገሩን ለማዳን ሌላ ተመራቂ ጠራ። ምላሷ ፈጣን የሆነ፣ እዚያው ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ወጣት ሴት ናት። ተርሚናሉ ፊት ቆመች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ በላይ አሻግራ ጨርቁ ላይ ተከለችና «ትምህርት የብርሃን መንገድ ነው!» ብላ እንደ ውኃ አወረደችው። ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። እንግዳውም ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

«አያችሁ፣ ማሽኑም ደህና ነው፣ ፊደሉም ደህና ነው» አለ ካድሬው እየሳቀ። «እናታችን ምስክር ወረቀታቸው ይቆይና ከሀ ቢጀምሩ ይሻላል።»

እናቴን ከዚያ ላውርዳት ብዬ እየተንደረደርኩ ወጣሁ። ክንዷን ያዝኩ። በዚያው ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ።

ትምህርት ረብርሃን መንቀስ ነል።

እኔው የሣልኳቸው ፊደሎች ናቸው፣ አረንጓዴ፣ ጥርት ያሉ። የ ረ ሆናለች፣ ገ ቀ ሆናለች፣ ድ ስ ሆናለች፣ ው ል ሆናለች። ጠዋት ከተነካኩት ማብሪያዎች አንዷ የመደርደሪያውን ምልክት ቆርጣ አስቀርታለች፤ የታችኛው መደርደሪያ ፊደል ሁሉ ከላይኛው እየተነሳ ወጥቷል። ሀ ሁ ሂ ሃ ደግሞ ድሮም ላይኛው ላይ ናቸው፣ ምን ያሳዩናል? እናቴ አንድ ፊደል አልሳተችም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ የተጻፈውን ያነበበችው እሷ ብቻ ናት።

«ማሽኑ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። እናቴ የእጄን አንጓ ጨምድዳ ያዘችኝ። በሲዳምኛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «ዝም በዪ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞር ብላ በዚያ በገበያ አማርኛዋ «ዓይኔ ነው ጓድ። ማሽኑ ጎበዝ ናት» አለች። በዚህም ሳቁባት። ኢንጂነሩ መድረኩ ጥግ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ነበር። እንግዶቹ ወደ መስተንግዶው ሲያመሩ ቀስ ብሎ መጥቶ ማሽኑን አጠፋው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሪው ላይ ሰው ሁሉ የሚያየን ይመስለኝ ነበር። ቤት ገብታ ቀሚሷን አውልቃ በጥንቃቄ አጠፈችው።

«እማ፣ በትክክል እኮ ነው ያነበብሽው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ፊደል ዓይኔ እያየ አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም በዪ አልሽኝ?»

«ልጁን አላየሽውም እንዴ?» አለችኝ፣ ተቆጥታ። «ሁለተኛ ሳነብ መጥቶ ከጎኔ አየ፤ ፊቱ አመድ ሆነ። እኔ ዛሬ ባፍር ነገ ቆጮዬን እሸጣለሁ። እሱን ቢወስዱት ማን ያመጣዋል?»

በእሷ ያፈርኩት እፍረት መሄጃ አጥቶ ተመልሶ እኔው ላይ ተቀመጠ፤ ይኸው እስካሁን አለ።

በማግሥቱ ኢንጂነሩ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። «እማማ፣ ሄጄ እናገራለሁ። እርስዎን አዋርጄ አልቀመጥም» አላት። እናቴ ክንዱን ይዛ አስገባችው። «ሆድ ይፍጀው» አለችው። «ከተናገርህ የኔም ውርደት ከንቱ ሊቀር ነው። ብላ።» አቀረበችለት። አንገቱን ደፍቶ ሲበላ፣ እንባው ሳህኑ ላይ ይወርድ ነበር። እናቴ እንዳላየች ሆና እሳቱን ቆሰቆሰች።

ማብሪያዋን አስተካከላት፣ ማሽኑም ከዚያ በኋላ አልተሳሳተም። ሲሞክረው ግን ከፐ ነበር የሚጀምረው። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሩት፤ ወሬውን አልሰማሁም። ማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ያችን ሽንኩርት ሻጭ ነው። ስብሰባ ሲኖር ተደብቃ እኛ ቤት ትመጣለች፣ እኔ አነብላታለሁ፣ በቃሏ ይዛ ትሄድና ሴቶቹ ፊት ታነባለች። እናቴ ቡና አፍልታ ትሸኛት ነበር። እናቴ ካረፈች ቆየች፤ የገበያው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ፊደል እንደማይገባት ነው የሚያውቀው። ሰው የኢንጂነሩን ሥራ ባሞገሰ ቁጥር እሷ «እኔ እኮ ማንበብ አቃተኝ» ብላ በራሷ ትቀልድ ነበር።

ምረቃው ካለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው፣ ከሥራ ስመለስ በመማሪያ ቤቱ በኩል አለፍኩ። አዲስ ዙር ተጀምሯል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ የከሰዓት ፀሐይ በጀማሪዎቹ ጀርባ ላይ ወድቋል። እናቴ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። መምህሩ በዘንጉ ሰሌዳው ላይ ሂን ነካና «እስቲ እርስዎ» አላት። ሰሌዳውን አየችው። ፒያሳን በሙሉ አንብባ የጨረሰች እናቴ ሂን ትኩር ብላ አየቻትና፣ «ሁ» አለች።

«ኧረ እማማ! ሂ ናት!» ብለው ሴቶቹ ሳቁባት።

እሷም በነጠላዋ አፏን ሸፍና አብራቸው ሳቀች።